ሃይማኖትና ምግባር በምኩራብ ሰንበት ምንባባት

በዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ፣ በምኩራብ፣ በቅዳሴ ጊዜ አራት ምንባባት እንሰማለን፤ ቆላስይስ 2፥16-23፣ ያዕቆብ 2፥14-26፣ የሐዋርያት ሥራ 10፥1-8 እና ዮሐንስ 2፥12-25። «የሚያድነው እምነት ነው ወይስ ሥራ?» ለሚለው ክርክር ቤተ ክርስቲያን በዚህ ቀን የምትሰጠው መልስ በእነዚህ ውስጥ አለ።

ቅዱስ ጳውሎስ በቆላስይስ የሚወቅሰው «አትንካ፣ አትቅመስ» በሚል ሥርዓትና ሥጋን በመጨቆን እየተመካ፣ ራስ የሆነውን ክርስቶስን ያልያዘውን ሰው ነው። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ይህ መነበቡ ለጿሚ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከክርስቶስ የተለየ ጾም ረኀብ ብቻ ይሆናልና።

ወዲያው ያዕቆብ ይከተላል፦ «ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው።» ጳውሎስ ሰው በእምነት እንደሚጸድቅ፣ ያዕቆብ ደግሞ በሥራ እንደሚጸድቅ ሲናገሩ፣ ሁለቱ ሐዋርያት የተጣሉ የሚመስለን የሚጠቅሷቸውን ዘመናት ስለማንለይ ነው። ሁለቱም አብርሃምን ይጠራሉ። ጳውሎስ በሮሜ 4 የሚያነሣው ዘፍጥረት 15፥6ን ነው፤ አብርሃም አምኖ ጽድቅ የተቆጠረለት ገና ሳይገረዝ ነበር። አብርሃም ልጁ እስማኤል ሲወለድ 86፣ ራሱ ሲገረዝ 99 ዓመቱ ነበርና፣ በእምነቱና በግዝረቱ መካከል ቢያንስ 13 ዓመት አለ። ያዕቆብ ግን ይስሐቅ ወደ መሠዊያው የቀረበበትን ዘፍጥረት 22ን ያነሣል። ጳውሎስ የእምነትን መጀመሪያ፣ ያዕቆብ ደግሞ የዚያኑ እምነት ፍጻሜ ይነግረናል። ጳውሎስም ቢሆን «በጸጋ ድናችኋል» ባለበት በኤፌሶን 2፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ «መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን» ይላል። ቁጥር 8ና 9ን ጠቅሶ 10ን የሚተው ሰው ሐዋርያውን ከመካከል ይቆርጠዋል።

ቆርኔሌዎስን እንመልከት። በቂሣርያ የነበረ የመቶ አለቃ ነው፤ በ9 ሰዓት መልአክ ተገልጦለት ጸሎቱና ምጽዋቱ ለመታሰቢያ እንዳረገ ነገረው። ያ ሁሉ ምግባር እያለው ግን «ይበቃሃል» አልተባለም፤ ወደ ኢዮጴ ልኮ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ ታዘዘ። የዕለቱ ምንባብ ቁጥር 8 ላይ ያቆማል፤ እስከ ቁጥር 48 ያነበበ ግን ሲጠመቅ ያገኘዋል። ምጽዋቱ መንገዱን አቀናለት፤ ያዳነው ክርስቶስ ነው። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማንም ቢሆን «ያለ ሥራ ዳነ» አይባልም፤ እጅና እግሩ ተቸንክሮ በቀረችለት አንደበት ጓደኛውን ገሠጸ፣ ጌታንም መሰከረ።

በወንጌሉ ጌታ በሬ፣ በግና ርግብ ሻጮችን ከመቅደስ ያስወጣል። ምግባራችንን እንደ ዋጋ ቆጥረን መንግሥተ ሰማያትን ልንገዛ ስናስብ፣ እኛም በልባችን ያንኑ ገበያ እንዘረጋለን።

ከምኩራብ ማግስት እስከ ስቅለት ዓርብ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት ብቻ ቢቆጠሩ 30 ናቸው። በነዚህ ቀናት የተውነው ቁርስ የማን ነው? ኢሳይያስ 58፥7 «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ይላል። ስለዚህ የቁርሱን ዋጋ በየዕለቱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለመጨረሻ የተተወው ለፋሲካ ዶሮና ቅቤ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሲሰጥም ያዕቆብ «ለሰውነት የሚያስፈልጉትን» እንዳለ፣ ችግረኛውን ምን እንደጎደለው ጠይቁት፤ ብርድ ልብስ የሚያሻውን ሰው በዳቦ ብቻ አትሸኙት። ስሙንና ፎቶውን ለማንም አታሳዩ (ማቴዎስ 6፥3)። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ ቀጥሉ እንጂ «ከንቱ ሆነ» ብላችሁ አታቋርጡት፤ ልባችሁ በሰጣችሁት መመካት ከጀመረ ግን ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ።