የተፈጥሮ ሬዲዮ ድምፅና የስሜት ድባብ

የተፈጥሮ ሬዲዮ የሚባለው ማንም ሳያሰራጨው ከመብረቅና ከምድር ማግኔታዊ መስክ የሚመነጭ ሞገድ ነው። ከ300 ኸርዝ እስከ 10 ኪሎኸርዝ ያለው ክፍሉ በጆሮ በሚሰማ ድግግሞሽ ላይ ስለሚገኝ፣ ጣቢያ መፈለግ ሳያስፈልግ በአንቴና የተያዘውን አጉልቶ ማዳመጥ ይቻላል። የድምፅ ባለሙያዎች ለስሜት ድባብ፣ ማለትም ከንግግር ሥር ለሚቀመጥ የዳራ ድምፅ፣ የሚመርጡት በምክንያት ነው፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ጫጫታ ወጥ ሲሆን ይህኛው ይሳሳል፣ ይጠጥራል፣ ድንገትም ይፈነዳል።

የስልክ ፈልሳፊው የግራሃም ቤል ረዳት ቶማስ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1876 በሙከራ የስልክ ሽቦ ላይ እንግዳ ድምፆች ይሰማ እንደነበር ጽፏል፤ ምናልባት የመጀመሪያው አድማጭ እሱ ሳይሆን አይቀርም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄይንሪኽ ባርክሃውዘን የጠላትን የስልክ ንግግር ለመጥለፍ መሬት ላይ የተተከሉ ዘንጎችን ከማጉያ ጋር አገናኝቶ ሲያዳምጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፉጨት ሰማ። ወታደሮቹ የቦምብ በረራ ነው ይሉ ነበር። ግኝቱን በ1919 አሳተመ። በ1953 ተመራማሪው ኦወን ስቶሪ በካምብሪጅ ምሥጢሩን ፈታ፦ የመብረቁ ሞገድ በማግኔታዊ መስክ መስመር ተከትሎ ወደ ሌላኛው ንፍቀ ክበብ ሲጓዝ ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ፣ ወፍራሙ ዘግይቶ ይደርሳል። ፉጨቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሰከንድ ይቆያል። ከምድር እጅግ ርቆም ከተገመተው በላይ ኤሌክትሮን እንዳለ የታወቀው በዚሁ ነው፤ በሽቦና በጆሮ ለተጀመረ ሥራ ቀላል ውጤት አይደለም።

ሌሎቹ ድምፆች በአጭሩ፦ መንጣጣቱ የመብረቅ ነው፤ በሌሊት ወደ 1.7 ኪሎኸርዝ የሚወርደው አጭር ጭረት መብረቁ በምድርና በአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ በተሞላው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) መካከል ሲመላለስ የሚሰማ ነው፤ የንጋት ዝማሬ የሚባለው የወፎች ጫጫታ የሚመስል ድምፅ ደግሞ ከማግኔታዊ ማዕበል፣ ማለትም የምድር ማግኔታዊ መስክ በፀሐይ ምክንያት ከሚናወጥበት ጊዜ፣ በኋላ ይበረታል።

መቀበያው ከ1 እስከ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ፌት የሚባል ደካማ ምልክት የሚያጎላ ትራንዚስተርና 10 ሜጋኦም የሚያህል ሬዚስተር ይበቃዋል። መግቢያው ላይ ከፍተኛ ድግግሞሽን የሚያግድ ማጣሪያ ከሌለ የሬዲዮ ጣቢያዎች ንግግር ሰርጎ ይገባል። ዛፍ ሥር ምልክቱ ይዳከማል፤ የኤሌክትሪክ መስመር አቅራቢያ ደግሞ ጉርምርምታው ሁሉን ይውጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ ብዙ መቶ ሜትር መራቅ ይገባል። በመቅጃው ላይ ራስ-ሰር የድምፅ ማስተካከያ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ኃይለኛ መብረቅ በመጣ ቁጥር መጠኑ ወርዶ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ድባቡም የሚተነፍስ ይመስላል። ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ የፋይል ዓይነት፣ በ48 ኪሎኸርዝ የናሙና መጠን መቅዳት የተሻለ ነው።

በቅንብር ጊዜ ትልቁ ጥፋት ጫጫታ ማጽጃ መጠቀም ነው፤ ሶፍትዌሩ መንጣጣቱን ጉድለት ነው ብሎ ይሰርዘዋል። ጉርምርምታውን በጠባብ ማጣሪያ ማውጣት ይቻላል፤ ማጣሪያው እጅግ ከጠበበ ግን መብረቅ በመጣ ቁጥር እንደ ደወል ያስተጋባል። ከንግግር ሥር ሲቀመጥ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ማነስ አለበት። ተደጋግሞ እንዲጫወት ከተፈለገ ጎልተው የሚታወቁ ፉጨቶች ተቆርጠው ይውጡ፤ አድማጭ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰማቸው መደጋገሙን ይነቃበታል። ጥቅጥቅ ያለ መንጣጣት ውጥረትን፣ የተራራቁ ጭረቶች ሰፊ ባዶነትን ያመጣሉ። ወራጁ ፉጨት ያሳዝናል የሚለው ግን አከራካሪ ነው።

በማግኔታዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር ማግኔታዊ መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ በሚሆንበት መስመር፣ አካባቢ ፉጨት ብርቅ ነው፤ እዚያ የሚቀዱ ሰዎች በሌሊት ጭረቶች ላይ ያተኩራሉ፣ መብረቁም ስለማይጠፋ እጥረት የለባቸውም።