ኢቃር እና ጣፌል ምንድን ነው?

በአይሁድ ሕግ ምግብ ዝም ተብሎ አይጎረስም። መጀመሪያ ቡራኬ አለ። ቡራኬውም እንደ ምግቡ ይለያያል። ዳቦ የራሱ አለው፣ ወይን ጠጅም የራሱ። የዛፍ ፍሬ፣ የመሬት አትክልት፣ የዱቄት ኬክም እንደዚያው። ሥጋ፣ ወተትና ውሃ «ሸሃኮል» በሚባለው ይጠቃለላሉ።

ታዲያ አንድ ሳህን ላይ ሦስት አራት ነገር ሲደባለቅስ?

ያኔ ነው ኢቃርና ጣፌል የሚመጡት። ኢቃር ዋናው ምግብ ነው፤ ጣፌል አጃቢው። በዋናው ላይ ይባረካል፣ አጃቢው በዚያው ይታለፋል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በተጠናቀረው ሚሽና በሚባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ በራኾት (ቡራኬዎች) በተሰኘው ክፍል ምዕራፍ 6 ላይ አለ። ምሳሌው ደስ ይለኛል። ሰውየው ጨው የበዛበት ምግብ ቀረበለት፣ ዳቦም አብሮ መጣ። የሚባርከው በጨዋማው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ዳቦው የመጣው ጨዉን ሊያበርድ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ የማዕዱ ንጉሥ ዳቦ ነው፤ በእሱ ከተጀመረ ወጡም ሥጋውም በእሱ ቡራኬ ይሸፈናል። እዚህ ግን አጃቢ ሆነ። ሕጉ የሚጠይቀው «ምን ቀረበ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ትበላዋለህ?» ብሎም ነው።

ብዙ ጊዜ ዋናው የሚለየው በብዛት ነው። ሙዝና ፖም ደቅቀው ተከትፈው በአንድ ማንኪያ ቢዛቁ፣ የሚበዛው ይወስናል። (ሙዝ በዚህ ሕግ የዛፍ ሳይሆን የመሬት ፍሬ ነው።)

አምስቱ እህሎች ግን ብዛት አይጠይቁም። እነሱም ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃና ሌሎች ሁለት የስንዴ ዘመዶች ናቸው። ሾርባ ውስጥ ለጣዕም የገባ ገብስ ትንሽም ቢሆን ዋና ይሆናል። ሾርባውን ለማወፈር ብቻ ነስነስ የተደረገ ዱቄት ግን አይቆጠርም። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ የተለየው የገባበት ምክንያት ነው።

ጥያቄው እስራኤል ያሉ የቤተ እስራኤል ቤቶችም ገብቷል። ጤፍ ከአምስቱ ውጭ ነው። ስለዚህ በንጹሕ የጤፍ እንጀራ ቡራኬ ላይ የረቢዎቹ መልስ አንድ አይደለም። ሊጡ ላይ ለመብልነት የስንዴ ዱቄት ከተጨመረ ግን ነገሩ ወደ ስንዴው ያደላል። ሞሰቡ ከመከፈቱ በፊት ያቦካችውን እናት «እማዬ፣ ምን ጨመርሽበት?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።