ቤዝ ኤከር ምንድን ነው?

ድጎማ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዳቦ፣ ነዳጅ ወይም ማዳበሪያ ነው። መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን ይሸከማል፣ ገዢው ቀሪውን ይከፍላል። የአሜሪካ ገበሬ የሚያገኘው ድጎማ ግን ብዙውን ጊዜ መልኩ ሌላ ነው። እህሉ ተሸጦ፣ ዓመቱም ካለፈ በኋላ ጥሬ ገንዘብ በባንክ ሒሳቡ ይገባለታል። በዋናዎቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ስሌቱ የሚነሣው ዘንድሮ ከዘራው ሳይሆን ከ«ቤዝ ኤከር» ነው።

ቤዝ ኤከር ማለት አንድ እርሻ ቀድሞ ምን ያህሉ መሬት በየትኛው ሰብል ይሸፈን እንደነበር የሚያሳይ የመንግሥት መዝገብ ነው። (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው።) መዝገቡን የሚይዘው ገበሬው ኤፍ ኤስ ኤ እያለ የሚጠራው፣ በአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ቢሮ ነው። የ2002 የእርሻ ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባለመሬቶች ቤዝ ኤከራቸውን ከ1998 እስከ 2001 በነበረው አዝመራ እንዲያድሱ ፈቅዶ ነበር። የ2014ቱ ሕግ ስፋቱን ሳይጨምር ሰብሎቹን እንደገና ለማከፋፈል ዕድል ሰጠ። እንግዲህ መሬቱ ከአሁኑ አራሽ የበለጠ ያስታውሳል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ እርሻ 100 የበቆሎ ቤዝ ኤከር አለው እንበል፤ በመዝገብ የሰፈረለት ምርት በኤከር 120 ቡሼል (የአሜሪካ የእህል መስፈሪያ) ነው። የ2019 በቆሎ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ 3.56 ዶላር ወጣ፤ ሕጉ ያስቀመጠው መነሻ ዋጋ ደግሞ 3.70 ነበር። መንግሥት የሚሞላው ልዩነት በቡሼል 14 ሳንቲም ነው። የሚከፈለው በቤዙ 85 በመቶ ስለሆነ፣ 85 በ120፣ በ0.14 ሲባዛ 1,428 ዶላር ይሆናል፤ ጥቃቅን ተቀናሽ ሲቀር። ገንዘቡ የመጣው ከጥቅምት 2020 በኋላ ነው። ገበሬው በ2019 በመሬቱ ላይ አኩሪ አተር ብቻ ዘርቶ ቢሆንም ይኸው ገንዘብ ይደርሰዋል።

እብደት ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው። ክፍያው ዘንድሮ በተዘራው ቢሆን ኖሮ ገበሬው ገበያውን ትቶ ድጎማውን እያየ ይዘራ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ሕግ አውጪዎቹ ክፍያውን ከዘሩ ለመለየት የሞከሩት ለዚህ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ጎን ነው። ቤዙ ከመሬቱ ጋር ይሸጣል፤ በጨረታ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ይጠቀሳል። መሬቱን በጥሬ ገንዘብ ያከራየ ባለቤት በደንቡ ክፍያው አይደርሰውም፤ የሚወስደው አራሹ ነው። በእኩል ወይም በሲሶ የተዋዋሉ ከሆነ ግን ይካፈላሉ። ታዲያ ባለቤቱ ይህን እያወቀ የኪራዩን ዋጋ ከፍ ከማድረግ ማን ይከለክለዋል? ድጎማው ለአራሹ በአንድ እጅ ገብቶ ከፊሉ በሌላው ይወጣል።

ከዋጋ ይልቅ ገቢን የሚመለከት ሁለተኛ አማራጭም አለ። በዚህኛው ካውንቲው ራሱ መለኪያ ይሆናል፤ የካውንቲው አማካይ ምርት በዋጋ ተባዝቶ ካለፉት ዓመታት መነሻ 86 በመቶ በታች ሲወርድ ይከፈል ነበር፤ ከ2025 ወዲህ 90 በመቶ ሆኗል። በረዶ የአንተን ማሳ ብቻ ቢያወድመውና ጎረቤቶችህ ቢያፍሱ ከዚህ ፕሮግራም ምንም አታገኝም፤ እሱ የሰብል ኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። ካውንቲው ሲጎዳ ደግሞ ያንተ ጎተራ ሞልቶም ክፍያው ይመጣል።

በ2018ቱ ሕግ፣ ከ2009 እስከ 2017 ሙሉ በሙሉ ሣር ሆኖ የቆየ እርሻ ቤዙ ባይሰረዝም ክፍያው ቆሞበታል። የ2025ቱ ሕግ በአንጻሩ እስከ 30 ሚሊዮን ኤከር አዲስ ቤዝ እንዲጨመር ፈቅዷል፤ መለኪያው ከ2019 እስከ 2023 የተዘራው ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ማሳው ላይ ምን እንደበቀለ ለኤፍ ኤስ ኤ ያስመዘገበ፣ አዲሱን ቤዝ ለማግኘት የሚቆጠርለት ያው መዝገብ ነው።