በሙቀት የሚወሰን ፆታ ምንድን ነው? ከሱሉልታ የጫጩት ማሽን እስከ ባሕር ኤሊ ጎጆ

በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ ግቢው ውስጥ ትንሽ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ ሴቷ እንዴት ትብዛልኝ? ቄቧ አድጋ እንቁላል ትጥላለች፣ አውራው ግን ለበዓል ገበያ እስኪደርስ መኖ ይጨርሳል። መልስ የሚሰጥም አይጠፋም። «ሾጣጣው እንቁላል አውራ ነው፣ ድብልብሉን ምረጥ» የሚል አለ። «ማሽኑን ግማሽ ዲግሪ ዝቅ አድርገው፣ ሴት ይበዛል» የሚልም አለ።

ለዶሮ ሁለቱም አይሠሩም። የጫጩቱ ፆታ የሚቆረጠው እንቁላሉ ቅርፊት ከመልበሱ በፊት፣ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ነው። እናት ዶሮ ሁለት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም አላት፤ ዜድ እና ደብልዩ ይባላሉ። ዜድ የደረሰው እንቁላል ወንድ፣ ደብልዩ የደረሰው ሴት ይሆናል። ከአባት የሚመጣው ሁልጊዜ ዜድ ስለሆነ እሱ እዚህ ላይ ድምፅ የለውም። እንቁላሉ ማሽን ውስጥ ሲገባ ጉዳዩ አልቋል። ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ የሚፈልገውን ማሽን ዝቅ ያደረገ ሰው የሚያገኘው የዘገየና ያነሰ ጫጩት ነው፤ ቄብ አይጨመርለትም።

የሚገርመው፣ ይኸው ወሬ ለሌላ እንስሳ እውነት ነው፣ ያውም በተቃራኒው። የባሕር ኤሊ የፆታ ክሮሞዞም የላትም። ከአንዲት እናት፣ በአንድ ሌሊት ከተጣሉ እንቁላሎች ወንድ ይውጣ ሴት የሚወስነው አሸዋው ውስጥ ያለው ሙቀት ነው። ቀዝቀዝ ካለ ወንድ፣ ሞቅ ካለ ሴት። በሙቀት የሚወሰን ፆታ የሚባለው ይህ ነው። ነገሩን በደረት ተሳቢዎች ላይ መጀመሪያ ያስተዋለችው ማድሌን ሻርኒዬ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ዳካር፣ ሴኔጋል ውስጥ የእንሽላሊት እንቁላሎችን በተለያየ ሙቀት አስፈልፍላ ነው ያየችው። በኤሊዎችም ላይ እንደዚያው መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

እኛ ባሕር የለንም፤ ቅርባችን ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። እዚያ ዳርቻዎችና ደሴቶች ላይ እንቁላል ከሚጥሉት መካከል አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊና አፏ እንደ ጭልፊት የተቆለመመው ዝርያ ይገኙበታል፤ ይህችኛዋ ከምድር ልትጠፋ በጣም የተቃረበች ተብላ ተመዝግባለች። በዓለም ላይ የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ሰባት ናቸው፣ ሰባቱም ፆታቸውን ከአሸዋው ይቀበላሉ።

ጎጆው ምን ይመስላል? እናቲቱ ሌሊት ከባሕር ትወጣና በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች። ጉድጓዱ እንስራ ይመስላል፤ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ጥልቀቱ እንደ ዝርያው ከ40 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያካክሉ፣ ቅርፊታቸው ለስላሳ የሆነ 100 ወይም ከዚያ የሚበልጡ እንቁላሎችን ታስቀምጣለች፣ አሸዋውን መልሳ ትሄዳለች። አትታቀፍም፣ ተመልሳም አታይም። ከዚያ በኋላ እንደ ሙቀቱ ከ45 እስከ 70 ቀን ይፈጃል፤ በሞቀ አሸዋ ያጥራል፣ በቀዘቀዘ ይረዝማል። የዶሮ 21 ቀን ማለት ይቻላል አይነቃነቅም፤ የኤሊ ቀን ግን ሙቀቱን ተከትሎ ይሳባል።

ሚዛኑ የሚደፋበት ሙቀት ለአብዛኞቹ 29 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት ይወጣል። ከ27.5 ገደማ በታች ከሆነ ሁሉም ወንድ፣ ከ31 በላይ ከሆነ ሁሉም ሴት። ቁጥሩ እንደ ዝርያውና እንደ ባሕር ዳርቻው ትንሽ ይለያያል። 34 እና 35 ላይ ሲደርስ የፆታው ጉዳይ ይቀርና ሞት ይመጣል። ልብ ይበሉ፤ ሁሉም ወንድ ከመሆን ሁሉም ሴት እስከ መሆን ያለው ርቀት ከ4 ዲግሪ አይበልጥም። ጠዋትና ቀትር ላይ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ልዩነት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

በእንቁላሉ ውስጥ የሚሆነው ባጭሩ እንዲህ ነው። የፅንሱ የመራቢያ አካል መጀመሪያ ላይ ወዲያም ወዲህም መሄድ ይችላል። ሞቅ ሲል አሮማቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ይበረታና ኤስትሮጅን ይሠራል፣ አካሉም የእንቁላል ማፍሪያ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ያ ስለማይሆን የወንድ ዘር ፍሬ ይሆናል። በሩ የሚከፈተው ግን በፅንሱ ዕድገት መካከለኛ ሲሶ ላይ ብቻ ነው፤ 60 ቀን በሚፈጅ ጎጆ ከ20ኛው እስከ 40ኛው ቀን ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የሚመጣ ሙቀት ፆታን አይለውጥም።

ብዙ ጀማሪ ተመራማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። መጨረሻው ሲሶ ላይ ፅንሶቹ አድገው ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ፤ መቶ እንቁላል አንድ ላይ ታጭቆ ጎጆው ከዙሪያው አሸዋ በላይ ይሞቃል። የ60ውን ቀን ሙቀት ደምሮ አማካይ ያወጣ ሰው ሴት በዝቷል ብሎ ይጽፋል፤ ሙቀቱ የመጣው ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። አማካዩ መወሰድ ያለበት ከመካከለኛው ሲሶ ብቻ ነው። መሃል ያለው እንቁላል ከዳር ካለው ስለሚሞቅም መለኪያው ከእንቁላሎቹ መሃል መቀመጥ አለበት።

መለኪያው ዳታ ሎገር የሚባል፣ አንዳንዱ ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። እናቲቱ እየጣለች ሳለ ወይም እንቁላሉ በሚዛወርበት ጊዜ ግማሹ ከተቀመጠ በኋላ ይገባል፣ በየሰዓቱ እየመዘገበ ይቆያል። ከመቀበሩ በፊት ልክነቱ መፈተሽ አለበት፤ ግማሽ ዲግሪ የሚዋሽ መለኪያ እዚህ ቀልድ አይደለም። ቀላሉ ፈተና የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ በፔርሙዝ መቀላቀል፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ 0 ማንበቡን ማየት ነው። የጫጩት ማሽን ያለው ሰውም ቴርሞሜትሩን እንዲሁ ቢፈትሽ ይጠቀማል። በፈላ ውሃ መፈተሽ ግን እኛ ጋ ያሳስታል፤ አዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ 100 ላይ አይደለም። ደህናውን ቴርሞሜትር «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥል አለ።

በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የስህተቱ ዓይነት ነው። የዶሮ ማሽን ሲሳሳት በ21ኛው ቀን ያጋልጥዎታል፤ መብራት ጠፍቶ ካደረ፣ ሙቀቱ ከወረደ፣ ያልተፈለፈለው እንቁላል ትሪው ላይ ተደርድሮ ይታያል። የኤሊ ጎጆ ሲሳሳት ግን ምንም አይታይም። እንቁላሉ በሙሉ ይፈለፈላል፣ ግልገሎቹ ጤነኛ ናቸው፣ ወደ ባሕር ይሮጣሉ፣ ሰዉም ያጨበጭባል። ሁሉም ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ግልገልን ከውጭ አይቶ ፆታ መለየት አይቻልም፤ የወንዱ ጅራት ረዝሞ የሚታየው ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው፣ ያ ደግሞ በአረንጓዴዋ ኤሊ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። አሁኑኑ ለማወቅ ጎጆ ውስጥ ሞተው የተገኙ ግልገሎችን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ትንሽ ላደጉት ደግሞ በቀጭን ካሜራ ሆዳቸውን መመልከት ወይም በደማቸው ያለውን ሆርሞን መመርመር ያስፈልጋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። በብዙ አገር ጠባቂዎች እንቁላሉን ከሌባና ከውሻ ለማዳን ሰብስበው በፎም ሳጥን ውስጥ ያስፈለፍሉ ነበር። ሳጥኑ ከመሬት ተነጥሎ በጥላ ስለሚቀመጥ በፀሐይ የጋለ አሸዋ አይከበውም፣ እንቁላሉም ከጎጆው ያነሰ ስለሆነ የራሱ ሙቀት ይቀንሳል። ከዳርቻው አሸዋ አንድ ዲግሪ ገደማ ቢቀዘቅዝ ሚዛኑን ለመድፋት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጡ ጥናቶች ኒኮላስ ምሮሶቭስኪና ሌሎች ተመራማሪዎች ይህ አሠራር ወንድ እያበዛ መሆኑን አሳዩ። በዚያው ዘመን የኬምፕ ሪድሊ የምትባለዋን ዝርያ ለማትረፍ ከሜክሲኮዋ ራንቾ ኑዌቮ ወደ ቴክሳስ ፓድሬ ደሴት እንቁላል ይጓጓዝ ነበር፤ ሥራው ከ1978 እስከ 1988 የቆየ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሳጥኖቹ የወጣው በብዛት ወንድ ነበር። ሙቀቱ ከፍ የተደረገው ነገሩ ከተነቃበት በኋላ ነው። በ1985 የዚህች ዝርያ ጎጆ ተቆጥሮ የተገኘው 702 ብቻ ስለነበር፣ በወንድ ግልገል የባከነ እያንዳንዱ ዓመት ውድ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ጥሩ ጠባቂ መጀመሪያ የሚያደርገው እንቁላሉን አለመንካት ነው። ጎጆው ማዕበል ከሚደርስበት መስመር በታች ከሆነ፣ ወይም ጠዋት እንደሚዘረፍ ከታወቀ ብቻ ወደሚጠበቅ የዳርቻ ግቢ ይዛወራል። ሲዛወር ደግሞ የዶሮ ሰው እጅ የለመደውን መርሳት አለበት። ዶሮ አርቢ እንቁላሉን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያገላብጣል፣ እስከ 18ኛው ቀን፤ አለዚያ ፅንሱ ከቅርፊቱ ይጣበቃል። የኤሊ ፅንስ ግን እንዲጣበቅ ነው የተፈጠረው። እንቁላሉ ከተጣለ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ፅንሱ ከላይኛው የውስጥ ሽፋን ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ የገለበጠው ሰው ገደለው። ስለዚህ ዝውውሩ በተቻለ መጠን በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ዘግይቶ የተገኘ ጎጆ የግድ መነሳት ካለበት፣ የእያንዳንዱ እንቁላል አናት በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና እንደተቀመጠ፣ ሳይዞር ይወሰዳል። ማንገጫገጭ የለም፤ በባጃጅ ወንበር ላይ የሚጫን ዕቃ አይደለም።

አዲሱ ጉድጓድ የድሮውን ቅርፅና ጥልቀት ይዞ ይቆፈራል። ጥልቀቱን ማሳነስ ሴት ያበዛል፣ ምክንያቱም ላይኛው አሸዋ ይግላል። በጎጆና በጎጆ መካከል 1 ሜትር ይተዋል፤ ከተጠጋጋ አንዱ ሌላውን ያሞቃል፣ ሻጋታና በሽታም ይሻገራል። በዚህ ላይ በማዛወሪያው ግቢ ካሉት መለኪያዎች ሌላ፣ ባልተነካ ዳርቻ በእኩል ጥልቀት አንድ ሎገር መቀበር አለበት። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ያለ እሱ ግን ግቢው ከተፈጥሮ ይሞቅ ይቀዝቅዝ ማነፃፀሪያ የለም።

ሙቀቱ ሲበዛ የሚዘረጋው የጥላ መረብ ነው። እዚህም ደግነት ይጎዳል፤ ግቢውን በሙሉ የሸፈነ ሰው የፎም ሳጥኑን ስህተት በሌላ መንገድ ይደግመዋል። ከፊሉን ማጥላት፣ ከፊሉን ለፀሐይ መተው፣ መለኪያውን እያዩ ማስተካከል ይሻላል። ውሃ ማርከፍከፍም ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ፅንሱ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ባለው አየር ስለሚተነፍስ አሸዋውን ያጨቀየ ውሃ ያፍነዋል።

ጥላ ለምን አስፈለገ ቢባል ምክንያቱ የአየር ንብረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በአውስትራሊያ የታላቁ ኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል የሚፈለፈሉ አረንጓዴ ኤሊዎችን መረመረ። ከአዋቂዎቹ 86.8 በመቶው፣ ከወጣቶቹ ግን 99.1 በመቶው ሴት ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ አሸዋው ከዓመት ዓመት የት እንደደረሰ ያሳያሉ።

ሴት መብዛቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ዶሮ አርቢ ለ10 ሴት አንድ አውራ ይበቃል ይላል፤ ወንድ ኤሊም ከብዙ ሴት ጋር ይዳቀላል፣ ሴቷ ሁለት፣ ሦስት ዓመት አርፋ ስትመለስ እሱ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ 70 እና 80 በመቶ ሴት የሚወጣበት ዳርቻ የሚያስደነግጥ አይደለም። 99 በመቶ ሲሆን ነው አውራ የሌለው መንጋ የሚመጣው።

«ቀዝቃዛ ወንድ፣ ሙቅ ሴት» የሚለውን ሸምድዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው ደግሞ አዞ ላይ ይሳሳታል። የሻሞ ሐይቅ አዞም ፆታውን ከሙቀት ነው የሚያገኘው፤ ነገር ግን በናይል አዞ ሙቀቱ ዝቅ ሲልም፣ በጣም ከፍ ሲልም ሴት ያመዝናል፤ ወንድ የሚበዛው መሃል ላይ ነው። ለኤሊ ወንድ ለማግኘት የተዘረጋ ጥላ የአዞ ጎጆ ላይ ቢዘረጋ ሴት ሊያበዛ ይችላል።