ከቄራ የመጣ የከብት ዓይን፦ ስለ ኮርኒያ ሴሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከብቱ ከታረደ ዓይኑም አብሮ ሞቷል፣ ምን ሴል ታያለህ?»
ይሄ ሁሌም ይነሳል። ኮርኒያ፣ ማለትም ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከጀርባው ካለው ፈሳሽ ነው፣ ኦክስጅኑን ደግሞ በአብዛኛው ከአየር በእንባ በኩል። ስለዚህ ልብ ስለቆመች ወዲያው አይሞትም፤ ዓይኑ ሳይደርቅ ቀዝቀዝ ብሎ ከተያዘ ሴሎቹ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የኬሚካል መፈተሻ መመሪያ 437 የቆመውም በዚሁ ላይ ነው። ዓይን ይጎዳ እንደሆነ የሚፈተሸውን ኬሚካል ከቄራ በመጣ ኮርኒያ ላይ ያደርጉና ምን ያህል እንደደፈረሰ፣ ምን ያህል ቀለም እንዳሳለፈ ይለካሉ። ድሮ ይሄ ሁሉ በጥንቸል ዓይን ላይ ነበር የሚሞከረው።

«በቧንቧ ውሃ አጠብ አድርጌ ልየው።»
ኧረ ተው! ሴሎቹ ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። 0.9 በመቶ የጨው ውሃ (ሳላይን) ተጠቀም።

«ሰማያዊ የሆነው ሴል ሕያው ነው።»
ግልባጩ ነው። ትራይፓን ብሉ የሚባለውን ቀለም ሕያው ሴል አያስገባም፤ ሰማያዊ የሚሆነው የሞተው ወይም ሽፋኑ የተቀደደው ነው። የሴሎቹን ድንበር ማየት ከፈለግህ አሊዛሪን ሬድ የሚባለውን ቀይ ቀለም ጨምርበት፤ ያኔ የኋለኛው ሽፋን (ኢንዶቴሊየም) እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ሆኖ ይወጣልሃል። ይሄ ሽፋን አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው፣ ግን ውሃ እየገፋ ኮርኒያው እንዳይደፈርስ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ወረንጦ ነካ ካደረገው ደግሞ ያልቅለታል። ለዚህ ነው ኮርኒያው ሲቆረጥ ዙሪያውን ከነጩ የዓይን ክፍል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሚተወው፣ እሱን ይዘህ እንድትሠራ። መሃሉ ላይ የተሰመረ የሚመስል ሰማያዊ ካየህ፣ በሽታ ነው ከማለትህ በፊት እጅህን ጠርጥር።

«ነጭ የሆነ ዓይን ሁሉ ሞራ አለበት።»
ሞራ ከኮርኒያው ኋላ ውስጥ ያለው ሌንስ ላይ ነው። ሞራክሴላ ቦቪስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያነጣው ግን ኮርኒያውን ነው።

«የከብቱን ካየሁ የሰውንም አየሁ።»
በከፊል። የኮርኒያቸው ንብርብሮች ቅደም ተከተል ይመሳሰላል፤ የሰው ውፍረት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የከብቱ ይወፍራል። ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው፦ የከብት ኢንዶቴሊየም ሴል ላብራቶሪ ውስጥ በቀላሉ ይባዛል፣ የሰው ግን ዓይን ውስጥ እያለ አይባዛም ማለት ይቻላል። አንዱ ሲሞት ጎረቤቶቹ ሰፋ ብለው ቦታውን ይሸፍናሉ እንጂ ምትክ አይወለድለትም።