ከድጡ ወደ ማጡ፦ ስለ ጮቄ ረግረግና ስለ ብስክሌት መንገድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎጃም ውስጥ ለእግር ወይም ለብስክሌት ጉዞ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወጥቶ፣ የገብሱንና የድንቹን ማሳ አልፎ፣ ጅብራ የተባለው ግዙፍ የደጋ ተክልና የጓሳ ሣር ወደሚበዛበት የጮቄ ተራራ ረግረግ የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው፣ ብዙ አቀበት የማያስቸግርበት የብስክሌት መንገድ ነው። ሁለቱንም ደጋግሜ ሄጄባቸዋለሁ። በየጊዜው የምሰማቸው፣ ሰው መንገዱን የሚመርጥባቸው አባባሎች ግን አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ ጥቂቶቹም ሰውን ለብርድና ለጉዳት የሚዳርጉ ናቸው። በቅድሚያ የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት ከሁሉም ስለሚበልጥ፣ ከዚህ በታች ያለው ያ ከተረጋገጠ በኋላ የሚታሰብ ነው።

«በጋ ሲገባ ረግረጉ ይደርቃል»

አይደርቅም። በጎጃም ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘንብ፣ በታኅሣሥ ወር ወይና ደጋው ሲነጣና አቧራ ሲያነሣ ያየ ሰው ጮቄም እንዲሁ የሚሆን ይመስለዋል። የረግረጉ ውኃ ግን በሰሞኑ ዝናብ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ከፍታው 4,000 ሜትርን በሚያልፈው በዚህ ተራራ ላይ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ የሞተው ሣርና ሥር ቶሎ እንዳይበሰብስ ስለሚያደርጉ፣ በረጅም ዘመን የተጠራቀመ ጥቁርና እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚመጥ አፈር አለ፤ ይህ አፈር በክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ብርና ተምጫ የሚነሡት ከዚህ ተራራና ከአካባቢው ነው፤ ዝናብ ባቆመ በወራት ልዩነት ውኃ የሚያገኙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በበጋ የረግረጉ ሁኔታ በእጅጉ የሚለዋወጠው እንደ ቀኑ ሰዓት ነው። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ ይወርድና የረግረጉን ገጽ ያጠነክረዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከእግሩ ሥር እንደ ስስ ብርጭቆ ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል፤ መሬቱ ግን ይሸከመዋል። ፀሐይ ከፍ ስትል ያ ቅርፊት ይቀልጣል። እኔ ራሴ በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ ጫማዬን እንኳ ሳላረጥብ በተሻገርሁበት ቦታ፣ ከቀትር በኋላ ስመለስ እስከ ጉልበቴ ሰጠምሁ። እግሬን ስስብ ጫማዬ እዚያው ቀረ፤ በደረቴ ተኝቼ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ነው ያወጣሁት። ስለዚህ ረግረጉን በማለዳ የሚሻገር ሰው ሲመለስ ያንኑ መንገድ እንደማያገኘው ገና ሲነሣ ማወቅ አለበት፤ የሚመለስበትንም ደረቅ ሸንተረር ሲሄድ እያየ ማለፍ ይገባዋል።

«ሣር የበቀለበት መሬት ጽኑ ነው»

ይህ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ዓይን የሚመሰክርለት ይመስላል። በረግረግ ውስጥ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለና ደማቅ አረንጓዴ የሆነው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ውኃ የቋጠረ ነው። ሸካራና የገረጣ ሆኖ፣ በየጉብታው ተነጣጥሎ የቆመው ጓሳ ግን ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ስለሚይዝ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየተራመዱ ሊያልፉበት ይቻላል። ዓይን የሚስበው አንደኛው ነው፤ እግር የሚያምነው ሁለተኛው ነው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ እረኛ ልጅ ነው። ጫፉ በቆየ ጭቃ የጠቆረ ሽመል ይዞ ከኋላዬ ይመጣ ነበር፤ ወደ አንድ ለምለም መስክ ልገባ ስል «ጋሼ፣ በዚያ አይለፉ» አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ሽመሉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሣሩ ተከለው። ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ እጁ ድረስ ገባ፤ ሲያወጣውም ከቀዳዳው ጥቁር ውኃ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ከዚያ የላሞቹን ዱካ አሳየኝ። ዱካው መስኩን ቀጥ ብሎ አያቋርጥም፤ ዳር ዳሩን ዞሮ፣ ድንጋይ ወደሚታይበት ተዳፋት ይወጣል። የከብት ዱካ የሚዞርበትን ቦታ ምክንያቱ ባይገባንም መዞር ይሻላል። ጥልቅ የኮቴ ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት ከታየ ግን ላሟም እዚያ ተቸግራ ነበር ማለት ነውና ያን መከተል አይገባም።

«ድጥም ማጥም ያው ጭቃ ነው»

«ከድጡ ወደ ማጡ» ስንል ሁለቱን ቃላት እንዲያው እንደራርባቸዋለን እንጂ ልዩነታቸውን አናስብም። ድጥ የሚያዳልጥ ነው፤ ከሥሩ ጠንካራ መሬት አለው፤ ሰው ይወድቅበታል እንጂ አይሰምጥበትም። ማጥ ከሥሩ ጽኑ ነገር የሌለው፣ የገባውን ይዞ የሚያስቀር ነው። ለተጓዥ ይህ ልዩነት መንገድ መምረጫ ነው። በጮቄ የሚያሰጋው ማጡ ሲሆን፣ በብስክሌት መንገድ የሚያሰጋው ድጡ ነው። መረሬ የተባለው የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ባለበት የገጠር መንገድ ላይ ዝናብ ካካፋ፣ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው እስከነጭራሹ መዞር ያቆማል፤ ካቴናውም ይያዛል። እንጨት ፈልጎ ጭቃውን እየፋቁ መሄድ ወይም ብስክሌቱን ተሸክሞ እስከ ጠጠሩ መንገድ መድረስ ነው፤ ሌላ መላ የለውም። በአንጻሩ ያው ሰው በዚያው ዝናብ በእግሩ ቢሆን ኖሮ ቀስ ብሎ ያልፈው ነበር። ስለዚህ በክረምት ቀላሉ መንገድ ሁልጊዜ ብስክሌቱ ነው ማለት አይቻልም።

«ቦቲና ጋቢ ካለ ጮቄ አያሰጋም»

ቦቲ ውኃ የሚከለክለው ውኃው ከአፉ በታች እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። አንዴ ከሞላ ከባድ ማሰሮ ይሆናል፤ ማጡም አጥብቆ ይይዘዋል። የአካባቢው ሰው ኮንጎ ጫማ ማድረጉ አቅም ከማጣት ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን የገባው ውኃ ወዲያው የሚወጣለት መሆኑ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። በባዶ እግር መሄድን ግን አልመክርም። ሌላው ቢቀር በጎጃም ደጋ ብዙ ወገኖቻችንን ያሠቃየው የእግር ማበጥ በሽታ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈርን ከመርገጥ የሚመጣ ነው። ለበሽታው መጋለጥ በቤተሰብ ቢተላለፍም፣ እርግማንም ተላላፊም አይደለም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል።

ጋቢን በተመለከተ፣ በቤትና በደረቅ ብርድ የሚተካከለው የለም። ጥጥ ግን ሲረጥብ ውኃውን ይዞ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ 1,800 ሜትር ላይ ካለችው ባሕር ዳር የወጣ ሰው በጮቄ አናት ላይ 14 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ነፋስና በረዶ ሲጨመር የረጠበ ጋቢ አደገኛ ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራው በርኖስ ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ስለሚይዝ አያቶቻችን ለደጋው የመረጡት በምክንያት ነበር።

«12 ኪሎ ሜትር ምን አላት?»

ርቀት ብቻውን አይለካም። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይሰጣል። በዚህ ስሌት 600 ሜትር የሚያስወጣ የ12 ኪሎ ሜትር መንገድ ሦስት ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይወስዳል። ይህም መሬቱ ጽኑ፣ ተጓዡም ብርቱ ሲሆን ነው። ረግረግ ያለበትን ክፍል በእጥፍ ማሰብ የእኔ ልማድ ነው። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 60 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ፣ ትንፋሽም ያጥራል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ደጋ ተወልጃለሁ ብሎ ከመግፋት ይልቅ መውረድ ይገባል። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ግን መካከለኛ ጋላቢ በሁለት ሰዓት ተኩል ሊጨርሰው ይችላል። ሕፃናትን ወይም አዛውንትን ይዞ ለሚወጣ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው፤ በዚህም ማንም ሊያፍር አይገባም።

«በብስክሌት ቁልቁለት ዕረፍት ነው»

ይህን የሚል ሰው ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ያስብ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በሚወስደው በዚያ መንገድ ላይ ፍሬንን ሳያቋርጡ ይዞ መውረድ የጎማውን ቸርኬ ያግላል፤ ሙቀቱ የውስጥ ጎማውን እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ፍሬኑን እየያዙ እየለቀቁ፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ፣ በየመታጠፊያው እየቆሙ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የጭነት መኪና ከኋላ፣ ከብት ከፊት በሚመጣበት ጠባብ አስፋልት ላይ ፍጥነት ራሱ አደጋ ነው። ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ባይኖርም፣ በገበያ ቀን አህያ ነድተው፣ ሸክም ተሸክመው መንገዱን ሞልተው ለሚሄዱ ሰዎች ቀድሞ ደወል መደወልና ወርዶ መግፋት ግዴታ ነው።

«ሁለቱንም ለማግኘት ብስክሌቱን በረግረጉ ውስጥ መንዳት ይቻላል»

ከወጣቶች እየተደጋገመ የምሰማው ይህ ነው፤ አጥብቄ የምቃወመውም ይህንኑ ነው። እግር በጓሳ ጉብታ ላይ ተራርቆ ያርፋል፤ ጎማ ግን ያልተቋረጠ ሰንጥቅ ይሠራል። በተዳፋት ላይ የተሠራ ሰንጥቅ ደግሞ ወዲያው ቦይ ይሆናል፤ በአፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሊሰርግ ይገባው የነበረው ውኃ በዚያ በኩል ሮጦ ይወርዳል፤ ሲወርድም ጥቁሩን አፈር ይጠርገዋል። ከአንድ ጅብራ አጠገብ ሁለት ጣት የማይሞላ የጎማ መስመር አይቼ ነበር፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ስመለስ ስንዝር ሙሉ ጠልቆ፣ ከግራና ከቀኝ ያለው ሣር ገርጥቶ፣ የጅብራው ሥር በአንድ በኩል ተገልጦ አገኘሁት።

ሁለቱን ማጣመር ለሚፈልግ የተሻለው መንገድ ብስክሌቱን እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ብቻ መንዳት ነው። ሮብ ገበያ ላይ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ካለ ሰፈር፣ ለባለቤቱ የሚገባውን ከፍሎ፣ ብስክሌቱን በአንድ ግቢ ውስጥ ማቆም፤ ከዚያም ውርጩ ሳይቀልጥ፣ ሽመል ይዞና በላሞቹ ዱካ በእግር መግባት።