የሞኒተር ካሊብሬሽን ምንድን ነው?

በጥምቀት ዕለት በአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ያነሣሁት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በኮምፒውተሬ ላይ ሲታይ የነጠላው ድርና ማግ ሳይቀር ይለያል፤ በግንቡ ላይ የተጠመጠመው የዛፍ ሥርም ጎልቶ ይታያል። ታትሞ ሲመጣ ግን ሥሩና ድንጋዩ አንድ ጥላ ሆነዋል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ማተሚያውን ይወቅሳል። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሞኒተሩን ነው።

ካሊብሬሽን ማለት የሞኒተሩን ብርሃን፣ የነጩን ቀለምና የግራጫዎቹን እርከን በታወቀ ልክ ማስተካከል ነው። የሚሠራውም በስክሪኑ ፊት በሚንጠለጠል የቀለም መለኪያ ነው፤ ፕሮግራሙ ተራ በተራ የሚያሳያቸውን ቀለሞች መለኪያው ያነብባል፣ ስሕተቱን የሚያርም ፕሮፋይል የሚባል ፋይልም ይዘጋጃል። ከመለካት በፊት ሞኒተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል አብርቶ ማቆየት ይገባል።

ዋናው ጣጣ ብርሃኑ ነው። ለኅትመት ሥራ የሚመከረው በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ) ሲሆን፣ አዲስ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ደምቆ ይመጣል። ስክሪን የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን ከመመለስ ሌላ አቅም የለውም። ደማቅ ስክሪን ጥላውን ስለሚገልጥልን በቂ ብርሃን ያለው እየመሰለን ፎቶውን እንደጠቆረ እንልከዋለን። የጎንደር የቀትር ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ደግሞ እጃችን ብርሃኑን ወደ መጨመር ይሄዳል። ስለዚህ መጋረጃ መዝጋት የካሊብሬሽኑ አንድ አካል ነው።

«ጥቁርና ነጭ ቀለም የለውም፣ ካሊብሬሽን ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ዓይናችን በግራጫ ላይ ያለች ጥቂት ሰማያዊ ወይም ቀይ ቅላጼ ወዲያው ይይዛል፤ ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ካደላ በፎቶው ውስጥ የሌለ ጉድለት ስናርም እንውላለን። የተለመደው ልክ ለነጩ ቀለም 6500 ኬልቪን፣ ለግራጫዎቹ እርከን ደግሞ ጋማ 2.2 ነው።

ካሊብሬሽን የማይሞላው ክፍተትም አለ። ጥሩ ስክሪን ከጥቁር እስከ ነጭ 1000 ለ1 ንፅፅር ሲኖረው፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት 50 ለ1 እንኳ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ያለውን ግራጫ በ21 እርከን ከፍሎ በምንጠቀምበት ወረቀት ላይ ማተም ያስፈልጋል። በስክሪኑ ተለያይተው በወረቀቱ ላይ የተዋሐዱት ጥቁሮች የትኞቹ እንደሆኑ ከታወቀ፣ የዛፉን ሥር ከእነርሱ አንድ እርከን ከፍ አድርጎ ማተም ነው።